ጠረን፣ መዓዛና መሳሳብ፦ ከሲሪንቃ የፍየል በረት እስከ ሰው ልጅ ጎጆ

በሀብሩ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ፍየል የሚያረባ አርሶ አደር ወጠጤን ከሙክት ለመለየት የግድ ዐይኑን መጠቀም አያስፈልገውም። ነፋሱ ከመንጋው በኩል ከመጣ የወጠጤው ጠረን ከራሱ ከወጠጤው ቀድሞ ይደርሳል። ሙክቱ ግን በዚያው በረት እያደረ፣ ያንኑ ቅጠል እየቀነጠበ፣ እንዲያ ያለ ጠረን የለውም። ልዩነቱ ከመኖም ከበረትም የመጣ አይደለም፤ አንዱ ተኮላሽቷል፣ ሌላው አልተኮላሸም።

አርሶ አደሩ ከአባቱ የወረሰው ይህ ዕውቀት ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ የሚያስገባ በር ነው። ሽታ ወንድንና ሴትን ያሳስባልን? በእንስሳት ዘንድ መልሱ ከተገኘ ቆይቷል። በሰው ልጅ ዘንድ ግን ጉዳዩ ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ገበያው ከሳይንሱ ቀድሞ የሮጠውም እዚህ ላይ ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ቋንቋ ነው። ሽታ የሁሉም የጋራ መጠሪያ ነው። ደስ የሚያሰኘው መዓዛ፣ የሚያስጠላው ክርፋት ወይም ግማት ይባላል። ጠረን ደግሞ አንድ አካል ከሌላው የሚለይበት የራሱ ሽታ ነው፤ እናት የልጇን፣ በግ የግልገሏን የምታውቅበት። የሳይንስ ሊቃውንት ፌሮሞን የሚሉት ነገር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡት ፒተር ካርልሰንና ማርቲን ሉሸር የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ «መሸከም» እና «ማነቃቃት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት አዋቅረውታል። አንድ እንስሳ ከሰውነቱ ወደ ውጭ የሚለቀው፣ የራሱ ዝርያ ለሆነ ሌላ እንስሳ ሲደርስ የተወሰነ ባሕርይ ወይም የሰውነት ለውጥ የሚያስከትል ኬሚካል ማለት ነው። መዓዛን አንዱ ሲወደው ሌላው ይጠላዋል። ፌሮሞን ግን ከመውደድና ከመጥላት በፊት የሚሠራ ትእዛዝ ነው።

በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት የመጀመሪያውን ፌሮሞን ለይቶ አሳወቀ። ይህን ለማግኘት ከቡድኑ ጋር 20 ዓመት ያህል ደክሟል፤ ወደ 500 ሺህ ከሚጠጉ የሐር ትል እሳት እራቶች ዕጢ ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ነበር ያወጣው። ነገር ግን ከዚያች ጥቂት እጅግ ያነሰችው ቅንጣት ለወንዱ የእሳት እራት ትደርሰዋለች፤ ሲደርሰውም ክንፉን እያርገበገበ ወደ ሽታው ምንጭ ይሄዳል።

የወጠጤው ቆብ

የወጠጤው ጠረን ምን እንደሚሠራ በሚገባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ለወጠጤዎችና ለተኮላሹ ፍየሎች ጠረን የሚይዝ ልዩ ቆብ ሠርተው ጭንቅላታቸው ላይ አጠለቁላቸው። በቆቡ የተያዘውን አየር ሲመረምሩ በወጠጤው እንጂ በሙክቱ ዘንድ የማይገኙ በርካታ ኬሚካሎችን አገኙ። ከእነዚህ መካከል አራት-ኤቲልኦክታናል የተባለው ለእንስቷ ፍየል ሲደርሳት በአንጎሏ ውስጥ የመራቢያ ሥርዓትን የሚመራውን ክፍል በቀጥታ ቀሰቀሰው። አስገራሚው ነገር ኬሚካሉ ለብቻው ሲሸተት ብርቱካን ብርቱካን የሚል መሆኑ ነው። በአየር ላይ ቆይቶ ሲለወጥ ግን ያንን የታወቀ የወጠጤ ግማት ይፈጥራል።

ይህ ከቤተ ሙከራ ወሬነት አልፎ ለአርሶ አደሩ የሚጠቅምበት መንገድ አለ። ወንዱን ከእንስቶቹ ሙሉ ለሙሉ፣ ማለትም በዐይንም በድምፅም በሽታም እንዳይገናኙ አድርጎ ለአንድ ወር ያህል ማራቅና ከዚያ በድንገት መቀላቀል፣ ድራት ያላሳዩ እንስቶች ተቀራርበው ኮርማ እንዲፈልጉ ያደርጋል። የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች «የአውራ ተጽዕኖ» የሚሉት ይህ ዘዴ መርፌም ሆነ የሆርሞን ወጪ አይጠይቅም። ፍየል አምስት ወር ያህል ስለምታረግዝ በመጋቢት የተጠቃች ፍየል በነሐሴ ትወልዳለች፤ ያን ጊዜ ሣርና ቅጠሉ ለምቷል፣ እናቲቱም ወተት አላት። በግንቦት ድርቅ የሚወለድ ግልገል ዕጣው ምን እንደሆነ ለሀብሩ ሰው መንገር አያስፈልግም።

በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን የቦር ፍየል ዝርያ ከመካከለኛው ደጋ ፍየሎች ጋር በማዳቀል ሥራው ይታወቃል። አንድ የተዳቀለ ምርጥ አውራ ለብዙ አባወራዎች በዙር በሚያገለግልበት ቀበሌ እንስቶቹ በአንድ ሰሞን ድራት ላይ መገኘታቸው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሆኖም መታወቅ ያለበት ገደብም አለ። በሐሩር አካባቢ ያሉ በጎችና ፍየሎች ዓመቱን ሙሉ ሊራቡ ይችላሉ፤ ቀድሞውኑ በዑደት ላይ ያሉ እንስቶች ለአውራው ድንገተኛ መምጣት የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ነው። ወንዱ በጎረቤት መንጋ ውስጥ አብሮ እየዋለ «አራቅነው» ማለትም ከንቱ ነው። በወል ግጦሽ ላይ ይህ የሁሉንም ጎረቤት ስምምነት ይጠይቃል፤ ከሽታው ይልቅ አስቸጋሪው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ኮርማስ? የላምን ሽንት አሽትቶ አንገቱን ቀና ሲያደርግ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ለአፍታ ሲቆም ያላየ ገበሬ የለም። ልጆች «ኮርማው ሳቀ» ይላሉ። በእውነቱ ሽታውን በላንቃው በኩል ወዳለ ልዩ የማሽተቻ አካል እየሳበ ነው። ላሚቱ ድራት ላይ መሆን አለመሆኗን የሚያነበው በዚያ ነው።

በጨለማ የሚደረግ ጥሪ

በበቆሎና በማሽላ ማሳ ሌሊት ሌሊት የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ሴቷ የእሳት እራት ቅጠል ላይ ተቀምጣ ከሆዷ ጫፍ ፌሮሞን ትለቃለች፤ ወንዱ ነፋሱን ተከትሎ ይመጣል። ከተገናኙ በኋላ የሚጣለው ዕንቁላል ተፈልፍሎ አገዳ ቆርቁር ወይም ተምች ይሆናል። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ከተረጋገጠ ወዲህ በማሳ ዳር የሚሰቀሉት ወጥመዶች የሚሠሩት በዚሁ ጥሪ ነው። በወጥመዱ ውስጥ የተቀመጠችው ትንሽ የጎማ ቁራጭ በፋብሪካ የተሠራ የሴቷን ሽታ ይዛለች። ወንዱ ሴት አገኘሁ ብሎ ይገባል፤ አይወጣም።

አንዳንድ አርሶ አደሮች ወጥመዱ ከተሰቀለ ማሳው ዳነ ብለው ያስባሉ። ይህ ስህተት ነው። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ነው፤ ያመለጠ አንድ ወንድ ደግሞ ብዙ ሴቶችን ሊያጠቃ ይችላል። የወጥመዱ ሥራ ማስጠንቀቅ ነው። በውስጡ የተያዙት እየበዙ ሲመጡ አርሶ አደሩ ወደ ማሳው ገብቶ ቅጠል እየገለጠ ዕንቁላልና ትል መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል።

ሽታ ከአፈር በታችም ይሠራል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል በአፈር ውስጥ ለዓመታት የተኛውን የአቀንጭራ ዘር ይቀሰቅሰዋል። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ማዳቀል ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙበት ሥራ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላን ይጨምራል፤ ከምሥጢሮቹ አንዱ ማሽላው ያንን ቀስቃሽ ኬሚካል አሳንሶ ማመንጨቱ ነው። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች የዚሁ መስመር ናቸው። ነገሩ ከወንድና ሴት መሳሳብ ወጣ ያለ ቢሆንም፣ ዐይን የሌለው ፍጥረት እንኳ በኬሚካል ጎረቤቱን እንደሚያገኝ ያሳያል።

የሰው ልጅ ተራ

ፍየል፣ ኮርማና የእሳት እራት እንዲህ ከሆኑ ሰው ለምን ይለያል? ብዙ ተመራማሪዎችም በዚሁ ተስፋ ተነሥተዋል። የሰው ብብት ጉርምስና ሲደርስ ሥራ የሚጀምሩ ልዩ የላብ ዕጢዎች አሉት። የሕፃን ላብ የአዋቂ ጠረን የሌለው፣ ወላጅ የልጁን ሸሚዝ ሲያነሣ «ልጄ ጎረመሰ» የሚለው ለዚህ ነው። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚወጣው ፈሳሽ ግን በራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ጠረኑን የሚሠሩት በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ፈሳሹን ሲበሉት ሽታ ያለው ነገር ይለቃሉ። ባክቴሪያዎቹም ሆኑ የፈሳሹ ቅንብር ከሰው ሰው ይለያያሉና ጠረንም ይለያያል። ብብትን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ልብስን ቀይሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሳይታጠቡ ሽቶ መርጨት ግን ሁለት ሽታ ማዳበል ነው።

ከኮርማው ላንቃ በላይ ያለው ልዩ የማሽተቻ አካል በሰው ዘንድ ርዝራዡ ቢታይም ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ የለውም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ዘረ መልም በሰው ውስጥ የሞተ ነው። በዚህ ብቻ ግን ጉዳዩ አይዘጋም፤ አንዳንድ እንስሳት ፌሮሞንን የሚያውቁት በተራው አፍንጫ ነውና። ሰውም በአፍንጫው ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ መቀበያ ዓይነቶች አሉት። ለእነዚህ መቀበያዎች መገኘት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በሰዎች ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ዝነኛው የካናቴራው ሙከራ ነው። ክላውስ ቬደኪንድ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት 44 ወንዶች ሁለት ሌሊት በአንድ ካናቴራ እንዲያድሩ፣ ሽቶና ሽታ ያለው ሳሙና እንዲተዉ አደረገ። ከዚያም 49 ሴቶች ካናቴራዎቹን እያሸተቱ ደረጃ ሰጡ። ሴቶቹ ይበልጥ የወደዱት ከራሳቸው የተለየ የበሽታ መከላከያ ዘረ መል ያላቸውን ወንዶች ጠረን ሆኖ ተገኘ፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱት ግን በተቃራኒው መረጡ። ሐሳቡ የሚያሳምን ነው፦ የተለየ መከላከያ ካለው ሰው የሚወለድ ልጅ ብዙ ዓይነት በሽታ የመቋቋም ዕድል ይኖረዋል፤ ከቅርብ ዘመድ መጋባትም ይቀራል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አንዱ የሌላውን ውጤት ሳይደግም ቀርቷል። ዛሬ በዘርፉ ያሉ ብዙ ተመራማሪዎች ተጽዕኖው ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል።

በአማራ ሕዝብ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ የመጋባት ልማድ መኖሩን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ጥናት ፈገግ ያሰኘው ይሆናል። አይጥ በሽታ የምታደርገውን የእኛ ሽማግሌዎች በቆጠራ ሲያደርጉት ኖረዋል። ቆጠራው ከአፍንጫ ይልቅ የሚታመን ይመስላል።

በገበያ ላይ ያለው «የፍቅር ሽቶ» ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በፓሪስ በተካሄደ ስብሰባ ላይ፣ ወጪውን በሸፈነ አንድ ኩባንያ ድጋፍ፣ ሁለት ኬሚካሎች «የሰው ፌሮሞን ሳይሆኑ አይቀሩም» ተብለው ቀረቡ። እንዴት እንደተመረጡ፣ በምን ሙከራ እንደተረጋገጡ የሚያሳይ ዝርዝር አልቀረበም። ከዚያ ወዲያ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በእነዚህ ኬሚካሎች ሙከራ ተደርጓል፤ ሽቶዎችም ተሸጠዋል። የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ትሪስትራም ዋያት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ እነዚህ ኬሚካሎች የሰው ፌሮሞን መሆናቸውን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለና ፍለጋው ከመነሻው እንደገና መጀመር እንዳለበት ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናትም ኬሚካሎቹን ያሸተቱ ወንዶችና ሴቶች የሌላውን ሰው ገጽታ በሚገመግሙበት ፍርድ ላይ ለውጥ አላገኘም።

በማኅበራዊ ትስስር ገጾች «ፌሮሞን አለው፣ የፈለጉትን ሰው ይስባል» እየተባለ የሚሸጥ ሽቶ ስለዚህ ምን ይባል? የሀገራችን ሰው ለዚህ ጥሩ ስም ቀድሞ አለው፦ መስተፋቅር። የዛሬው መስተፋቅር በብልቃጥ ታሽጎ፣ የሳይንስ ስም ለብሶ መጥቷል። መዓዛው ደስ ካሰኘ እንደ ማንኛውም ሽቶ መግዛት ይቻላል፤ ለፌሮሞኑ ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ ግን ለተስፋ የሚከፈል ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ማስረጃው ጠንከር ይላል፤ እርሱም ወንድና ሴት ዘንድ ሳይሆን እናትና ሕፃን ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ እናቶች አንዱን ጡታቸውን ታጥበው ሌላውን ሳይታጠቡ አዲስ የተወለዱ ልጆቻቸውን በመካከል አስተኙ። ከ30 ሕፃናት 22ቱ ወዳልታጠበው ጡት ዞሩ። በኋላም የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በጡት ጫፍ ዙሪያ ካሉት ትናንሽ እብጠቶች የሚወጣው ፈሳሽ፣ ከሌላ እናት የተወሰደ እንኳ ቢሆን፣ የሦስት ቀን ሕፃን ጭንቅላቱን እንዲያዞርና ለመጥባት አፉን እንዲያንቀሳቅስ እንደሚያደርገው አይተዋል። ዋያትም ፍለጋው እንደ አዲስ ቢጀመር ከዚህ ቢጀመር ይሻላል ብሏል። ለእኛ እናቶች ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ፣ ጡቱ በሳሙና ሳይፈተግ፣ ቅቤም ሳይቀርብለት፣ በእናቱ ደረት ላይ ከገላዋ ጋር ቢገናኝ እንገሩን በሰዓቱ ያገኛል። እንገሩን ማፍሰስ ደግሞ የልጁን የመጀመሪያ ክትባት ማፍሰስ ነው።

ወይባና ትዝታ

የሰው ፌሮሞን አልተገኘም ማለት ግን ሽታ በሰው ፍቅርና በጾታዊ ሕይወት ላይ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። በጀርመን ሀገር ከተወለዱ ጀምሮ ማሽተት የማይችሉ ጥቂት ሰዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንደጻፉት፣ ወንዶቹ ከሌሎች ያነሰ ቁጥር ያለው ጾታዊ ግንኙነት ነበራቸው፤ ሴቶቹም በትዳር አጋራቸው ላይ ያላቸው መተማመን ዝቅ ያለ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ማሽተት ያጡ ሰዎችም የምግቡ ጣዕም ብቻ ሳይሆን የቤተሰባቸው ጠረን መጥፋቱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ቀምሰውታል።

መንገዱ የሚያልፈው በትዝታ በኩል ነው። ሌሎች ስሜቶች ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ለመድረስ ጣልቃ ያለ ጣቢያ ሲያቋርጡ፣ ሽታ ስሜትንና ትውስታን ወደሚመሩት ክፍሎች በአጭር ጎዳና ይገባል። ስለዚህ አንድ ሽታ ከማን ጋር፣ በምን ሰዓት እንደተገናኘ ይታተማል። ኋላም ያው ሽታ ሲመጣ ሰውየውን ይዞ ይመጣል። የሚስበው ሽታው ራሱ ሳይሆን ከሽታው ጋር የተኖረው ኑሮ ነው። ለዚህም ነው በአንዱ ሀገር የሚያማልል ሽታ በሌላው ሀገር ምንም የማይለው።

ወሎ በዚህ ረገድ የራሱ የሆነ ሰፊ ዕውቀት አለው። አደስ ደርቆ ተወቅጦ ከለጋ ቅቤ ጋር ለፀጉር ይሆናል፤ አሪቲውና ጠጅ ሳሩ በእልፍኝ ይነሰነሳል፤ ዕጣኑ በቡና ሰዓት ይጨሳል። ከሁሉም በላይ ግን ወይባ አለ። በቆላው የሚበቅለው የወይባ ዛፍ እንጨት በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሳይነድ ይጨሳል፤ ሴቷ ቅባት ተቀብታ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍና በጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ላቧ ይወጣል፣ ቆዳዋ ይለሰልሳል፣ ቀለሟ ወርቅማ ይሆናል፤ ጠረኑም ለቀናት ከገላዋ አይለይም። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስ ከወለደች በኋላ ትሞቀዋለች። ከድንበር ማዶ በሱዳን ባለትዳር ሴቶች ከሌላ እንጨት የሚያዘጋጁት «ዱኻን» የሚባል የጢስ ሙቀት የቅርብ ዘመዱ ነው። ዛሬ በወልድያ፣ በደሴና በአዲስ አበባ ወይባ ጢስ የገቢ ምንጭ ሆኗል፤ የሴቶች የውበት ሳሎኖች በማስታወቂያቸው ያስቀምጡታል።

ወይባ ፌሮሞን አይደለም፤ የዛፍ ጢስ ነው። ነገር ግን በሠርግ ቤት ያደገ፣ እናቱንና እኅቶቹን ከወይባ ሙቀት ሲወጡ ያየ የወሎ ልጅ ጢሱ ሲሸተው የሚሰማውን ነገር የጃፓን ቆብ አይለካውም። ባልና ሚስት በዚህ ጠረን መካከል ሌላው የማያነበው ቋንቋ አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ማሳሰቢያ ብቻ ይበቃል፦ በተዘጋ ክፍል ፍም ማጨስ መርዛማ ጋዝ ያስከማቻልና መስኮትና በር ይከፈት፤ ከፍተኛ ሙቀት ለፅንስ ስለማይመች ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድማ የጤና ባለሙያ ታማክር።

ኢትዮጵያ ለዓለም የሽቶ ገበያ ያቀረበችው ዝባድም ከዚህ ታሪክ ይገባል። ዝባድ ጥርኝ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚያመነጨው ቅባት ነው፤ በጫካ ሲኖር ድንጋይና ግንድ ላይ እየቀባ ለሌሎች ጥርኞች «እዚህ አለሁ» ይላል። በአብዛኛው በምዕራብ ኦሮሚያ የሚኖሩ አርቢዎች ከታሰረ ጥርኝ እየፋቁ፣ በከብት ቀንድ አሽገው ለነጋዴ ሲያስረክቡ ኖረዋል። ትኩስ ዝባድ ይከረፋል፤ በብዙ ሲቀጥን ግን ሽቶን በገላ ላይ የሚያቆይ መዓዛ ይሆናል። የዋናውን ንጥረ ነገር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 የለየው ሊዮፖልድ ሩዚችካ ነው። እርሱና የሐር ትሉን ፌሮሞን ኋላ ያገኘው ቡተናንት የ1939ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርተውታል። አሁን ፋብሪካዎች ያንኑ መዓዛ ያለ ጥርኝ ስለሚሠሩ፣ እንስሳው በጠባብ ቀፎ መታሰሩም ወቀሳ ስላመጣ፣ ገበያው እንደ ቀድሞው አይደለም።

ጠረን ሲለወጥ

ሽታ ሰውን እንደሚያቀራርብ ሁሉ ይለያያልም፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ለአንድ ቤተሰብ ሊተርፍ የሚገባው ምናልባት ይህ ነው። የአንድ ሰው ጠረን በድንገት ሲለወጥ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ንጽሕና ጉድለት ሳይሆን ስለ ሕመም ነው። ከሴት ብልት የሚወጣ የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ፈሳሽ በጤና ጣቢያ በቀላሉ የሚታከም የባክቴሪያ መዛባት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሽታውን ለማጥፋት ውስጡን በሳሙና መታጠብ ወይም ሽቶ መጠቀም የተፈጥሮ መከላከያውን አጥፍቶ ነገሩን ያባብሰዋል። ባሏ «ምን ሆነሽ ነው» ብሎ በክፉ የሚያይ ከሆነም አብሯት ቢሄድ ይሻላል፤ አንዳንዱ ኢንፌክሽን ሁለቱም ካልታከሙ ይመላለሳል።

ከዚህ የከፋው ፌስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ቀዶ ሕክምና በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ የሕፃኑ ጭንቅላት የተጫነው የእናት አካል ሞቶ በፊኛና በብልት መካከል፣ አንዳንዴም ከሰገራ መውጫ ጋር ቀዳዳ ይከፈታል። ሽንት ሳይታዘዝ ቀንና ሌሊት ይወርዳል። ልጁ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ሽታው የመጣባት ሴት ከቡና ማኅበር ትቀራለች፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደጅ ትርቃለች፣ ብዙዎችም ትዳራቸው ይፈርሳል። ሰው የሸሸው ሴቲቱን ሳይሆን ሽታውን ነበር፤ ሽታው ደግሞ በመርፌና በክር የሚዘጋ ቀዳዳ ነው።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው፣ በ1974 በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት እነዚህን ሴቶች አይተው ነው። ዶክተር ካትሪን በዚያው ሥራ እስከ እርጅናቸው ቆይተው በ2020 አርፈዋል። በክልሉ ባሕር ዳር የሆስፒታሉ ቅርንጫፍ ማዕከል አለ፤ ሕክምናው ያለ ክፍያ ሲሆን አብዛኞቹ ታካሚዎች በቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከሲሪንቃም ሆነ ከሌላ ቀበሌ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት በጓዳ የተደበቀች ሴት መኖሯን የሚያውቅ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት፣ ወደ ጤና ኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ወደ መርሳና ወልድያ የጤና ተቋማት ቢወስዳት ወደ ማዕከሉ የምትላክበት መንገድ ይጀመርላታል።